የፊት ግራው ሲጥ ሲጥ ሲል

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ ዝርዝር ብር ይታጣ ይሆናል፤ የመኪና ሐኪም ግን አይታጣም። ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ የፊት ጎማው ሲጥ ሲጥ እያለ በሩን አልፎ ሲገባ፣ ገና ሞተሩ ሳይጠፋ ምርመራው ይጀመራል። ሎተሪ አዟሪው «ሸራ ጨርሷል» ይላል። ተራ አስከባሪው «የምን ሸራ! ኩሽኔታ ነው» ብሎ ፍርዱን ይሽራል። ጋሪ ነጂው ከፈረሱ ጎን እንደቆመ «ግራሶ ቀባው፣ ዝም ይላል» ይላል፤ ጋሪውን ያዳነ መድኃኒት መኪናውን የማያድንበት ምክንያት አይታየውም። ከኋላ ወንበር የሚወርዱት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ እኔስ ከማንኩሳ ጀምሮ ዶሮ የታነቀች መስሎኝ ነበር» ይላሉ። እውነትም ከወንበሩ ሥር እግሯ የታሰረ ዶሮ ተገኘች፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለጊዜው ሁለት ተጠርጣሪ አለው።

ሾፌሩ ብቻ ዝም ብሏል። ድምፁን ከሁሉም ቀድሞ የሰማው እሱ ነው፤ ከሰማም ሰነባብቷል። እንደ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን ጥገና በራሱ እጅ አከናውኗል፤ የቴፑን ድምፅ ከፍ አድርጓል። ይህ ጥገና ወጪ የለውም፣ መፍቻም አይጠይቅም፣ ለጥቂት ቀናትም በሚገባ ይሠራል። የሚከሽፈው አንድ ተሳፋሪ ስልክ ተደውሎለት «እስቲ አንዴ ቀንስልኝ፣ ወንድሜ» ያለ ዕለት ነው። ያኔ ዘፈኑ ይቆምና ጎማው ብቻውን ይቀጥላል።

የፍኖተ ሰላም አካባቢ ለእንዲህ ያለ ጩኸት የተመቸ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ፍኖተ ሰላም የሚደርሰው አስፋልት፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ በዛብህ በተወለደባት ማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ደግሞ ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ወምበርማ የሚወስዱት የገጠር መንገዶች አሉ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ በሁለቱም ወቅት ጠጠር። በዚህ ሁሉ ላይ ሃይኤሱ ሰው፣ አይሱዙው በቆሎና በርበሬ፣ ባጃጁ ደግሞ የተገኘውን ሁሉ ጭኖ ይመላለሳል። የፊት ጎማ ሲጮኽ ሰው ከኋላው ይልቅ የሚደነግጠውም ያለ ነገር አይደለም፤ መሪው ያለው እዚያ ነው፣ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደፊት ስለሚያዘነብል ከማቆሙ ሥራ የሚበዛውን የሚሸከመውም የፊቱ ፍሬን ነው።

ጋራዥ ሲደረስ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ድምፁ ይጠፋል። ሳምንቱን ሙሉ መንደር ሲቀሰቅስ የከረመ ጎማ የመካኒኩን ቱታ ሲያይ ጨዋ ይሆናል። ስለዚህ ሾፌሩ ድምፁን በአፉ ማሰማት ይኖርበታል። አንድ የተከበረ አባወራ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ «ሲጥ... ሲጥ... ሲጥ፣ ከዚያ ደግሞ ጭርርር» ሲል ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቢያይ ጠበል ይጠቁመው ነበር። ረዳቱ ደግሞ በአለቃው አፈጻጸም አልረካም። «አይደለም ጋሼ፣ እንዲህ ነው፤ ጢይይው!» ብሎ ያርማል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ መኪናው መሆኑ ቀርቶ ስለ ድምፅ ችሎታ ይሆናል።

ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ «ተወው እሱን። መቼ ነው የሚጮኸው?»

ጠቅላላው ሙያ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተለያዩ አምስትና ስድስት ብልሽቶች ለጆሮ አንድ ዓይነት ሲጥታ ያሰማሉ፤ የሚለያዩት በሰዓታቸውና በአጋጣሚያቸው ነው። ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ፍሬን ሲረገጥ ነው ወይስ ሲለቀቅ? ቀጥ ሲል ነው ወይስ ሲታጠፍ? ይህን ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚያነሳ መካኒክም አለ። እሱ ዘንድ መጀመሪያ ሸራ ይቀየራል፤ ይጮኻል። ዲስክ ይቀየራል፤ ይጮኻል። ኩሽኔታ ይቀየራል፤ አሁንም ይጮኻል። በመጨረሻ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር ከአንድ ቆርቆሮ ጀርባ ትወድቅና መኪናው ይፈወሳል። ሒሳቡ ግን ተከፍሏል።

ጩኸቱ ራሱ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው መልሱ ከአዝማሪ ቤት አይርቅም። የማሲንቆ ደጋን ክሩ ላይ ሲሳብ እንዲሁ ተንሸራትቶ አያልፍም፤ ጭራው ክሩን ለአፍታ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። ይህ መያዝና መልቀቅ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ክሩ ይርገበገባል፣ ዜማ ይወጣል። የፍሬን ሸራና ዲስክም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ዲስኩ ሽልማት አለመጠየቁ ነው። ፍሬን ሲጮኽ ብረቱ በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይርገበገባል፤ አንዳንዴ ከ10,000 ያልፋል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከሁሉ አስበልጦ የሚሰማው ከ2,000 እስከ 5,000 ያለውን ነው። ፍሬኑ ልክ ጆሯችን በሚነቃበት በኩል ስለሚመጣ፣ ትንሽ ብረት ብትሆንም መናኸሪያ ሙሉ ሰው ታዞራለች።

ጩኸቱ ዛሬ የጀመረም አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንችስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ዲስኩን የሚይዘው መዳብ ነበር። መዳብ ከብረት ሲፋተግ የሚያሰማው ነገር ፈጠራውን ለብዙ ዓመታት ከሰው አስጠላው። ችግሩን ያቃለለው ሌላው እንግሊዛዊ ኸርበርት ፍሩድ ነው፤ በ1907 መዳቡ በአስቤስቶስ ሸራ ቢተካ እንደሚሻል አሳየ። ስለ ፍሩድ የሚነገረው ወግ ፍኖተ ሰላም ላይ ቢወራ ማንም አይገረምም፤ ሐሳቡ የመጣለት ገበሬዎች ቁልቁለት ሲወርዱ የጋሪያቸው ፍሬን ላይ አሮጌ ጫማ ሲቸነክሩ አይቶ ነው ይባላል። መናኸሪያ በር ላይ ያለው ጋሪ ነጂ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ያ አስቤስቶስ ኋላ ሳንባ የሚያጠቃ ሆኖ ተገኘና እንግሊዝ ራሷ በ1999 ከለከለችው። ከሸራ ላይ የሚነሳን አቧራ በአፍ «ኡፍ» እያሉ የሚያጸዱ ልጆች ዛሬም በየጋራዡ አሉ። የሸራው ዕቃ ምንም ይሁን ምን፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ዋጋው የአንድ ጨርቅ ነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሾፌሩ «ስሄድ ይጮኻል፣ ፍሬን ስይዝ አንዳንዴ ዝም ይላል» ካለ፣ መካኒኩ ፊቱ ይበራል። ብዙ የሃይኤስና የአውቶሞቢል ሸራዎች ጠርዛቸው ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለቻቸው። አዲስ ሸራ 10 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ውፍረት አለው፤ ተበልቶ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ያቺ ምላስ ዲስኩን መንካት ትጀምራለች፣ ትጮኻለችም። ብልሽት አይደለችም፤ እንድትጮኽ ተብላ የተሠራች ናት። ፋብሪካው ሾፌሩን አውቆታል፦ ሸራውን ጎንበስ ብሎ እንደማያይ፣ ነገር ግን ተሳፋሪ ፊት መሳቀቅ እንደማይወድ። ያቺን ድምፅ በዘፈን የሸፈነ ሾፌር ጥቂት ቆይቶ ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ ሲጥታው ወደ ሻካራ ጉርጉርታ ይለወጣል። ያኔ ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን እየፋቀው ነው፤ የሸራ ወጪ የነበረው የዲስክ ወጪ ሆነ ማለት ነው። በታምቡር ፍሬን የሚሠራው አይሱዙ ምላስ ባይኖረውም የራሱ አስጠንቃቂ አለው። ሸራው ብረቱ ላይ በሪቬት የተመታ ከሆነ፣ ሲበላ የሪቬቱ ራስ ብቅ ይልና ታምቡሩን መቧጠጥ ይጀምራል።

«ጠዋት ስነሳ ብቻ፣ ለዚያውም ሲዘንብ ባደረ ማግስት» ካለ ደግሞ ቁልፍ ማንሳትም አያስፈልግም። ዲስክ ቀለም ያልተቀባ ብረት ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ሲያድርበት ፊቱ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ሸራው ያንን ዝገት እስኪፍቀው ድረስ፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን እስኪያዝ፣ ይጮኽና ይተዋል። በክረምት ማለዳ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመኪኖች ግማሹ ቢያለቅስ ሊደንቅ አይገባም። ይህን ያወቀ መካኒክ «ሂድ፣ ምንም የለውም» ብሎ በነፃ ያሰናብታል፤ ሾፌሩም በነፃ ስለተሰናበተ ይጠራጠረውና ሌላ ጋራዥ ሄዶ ገንዘብ ይከፍላል። ሰው ካልከፈለበት ምክር ይልቅ የከፈለበትን እንደሚያምን ከማንም በላይ የሚያውቁት መካኒኮችና የባህል ሐኪሞች ናቸው።

ከገጠር መንገድ መልስ በድንገት የጀመረ፣ የሚያንገበግብ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ጠጠር ይዞራል። ከዲስኩ ጀርባ አቧራ የሚከላከል ስስ ቆርቆሮ አለ። በቆርቆሮውና በዲስኩ መካከል ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት፤ የደጋ ዳሞት ጠጠር ግን መግቢያ አያጣም። ገብታ ስትጣበቅ የምታሰማው ድምፅ መኪናው ለሁለት የተሰነጠቀ ያስመስላል። ብልህ ሾፌር መኪናውን ወደኋላ ትንሽ ነድቶ መልሶ ወደፊት ይሞክራል፤ ብዙ ጊዜ ጠጠሯ በመጣችበት ትወጣለች። እምቢ ካለች ጎማው ወልቆ ቆርቆሮው በካቻቢቴ ለቀቅ ይደረጋል። በዚህ ሥራ ገንዘብ መጠየቅ የሚያሳፍረው መካኒክ አለ፤ የማያሳፍረውም አለ። ሁለተኛው ጠጠሯን ለሾፌሩ አያሳይም።

ትልቁ ታሪክ ግን ዓባይ በረሃ ላይ ነው። የቡሬን በርበሬ ወይም የጃቢ ጠህናንን በቆሎ ወደ አዲስ አበባ የሚያወርድ አይሱዙ ደጀን ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱ ይቀበለዋል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ መውረድ፣ ግማሹ መውጣት፤ እስከ ድልድዩ የሚወረደው ከፍታ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፣ ፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 290 ሊትር ገደማ ውሃን፣ አንድ በርሜል ተኩል ማለት ነው፣ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ያፈላል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በአራቱ ማዕዘን በተቀመጡ ብረቶች ላይ ነው። አዋቂ ሾፌር ለዚህ ነው በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየተያዘ የሚወርደው። ቸኩሎ ፍሬኑ ላይ እንደቆመ የወረደው ግን ድልድዩ ጋ ሲደርስ የተቃጠለ ሽታ ይሸተዋል። ከ300 ዲግሪ በላይ የሞቀ ሸራ ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ይጎዳና ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ወዲያ መያዙን ይቀንሳል፣ መጮኹን ይጨምራል። ከበረሃ ወጥቶ ፊቼ ሲደርስ «ትናንት ደህና ነበር» የሚለው ሾፌር እውነቱን ነው፤ ትናንት ቁልቁለቱን አልወረደም ነበር።

እዚህ ላይ ውሃ ይዞ የሚሮጥ ረዳት አይጠፋም። የጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ የሚነሳው እንፋሎት ለዓይን ደስ ይላል፤ ረዳቱም አንድ ነገር የሠራ ይመስለዋል። ብረቱ ግን በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር ቆሞ ሻይ መጠጣት የተሻለ ሕክምና ነው፤ ረዳቱን ግን ሥራ ፈት ያስመስለዋል።

የግራሶውን ነገር ጋሪ ነጂው ብቻ ቢያነሳው ኖሮ ባልከፋ ነበር። ሲጥታን ለማጥፋት ዲስክ ላይ ዘይት ጠብ የሚያደርጉ አሉ። እርግጥ ድምፁ ይጠፋል፤ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። ሸራ ሥራው መያዝ ነው፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ታጥቦም አይድንም፣ መጣል ነው ያለበት። አንድ ለየት ያለ ግራሶ በእርግጥ አለ፤ የሚቀባው ግን በሸራው ጀርባና ካሊፐሩ በሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ላይ ነው፣ ሙቀት የሚችል፣ በጣት ጫፍ። እነዚያ ዘንጎች በጭቃ ከደረቁ ካሊፐሩ አይመለስም፤ ፍሬኑ ሳይረገጥ ተይዞ ይሄዳል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከጉዞ በኋላ አንደኛው ቸርኬ ከሌላው ይበልጥ ይግላል። ይህንን በእጅ መዳፍ የሚፈትሽ ጀግና አይጠፋም፤ ጀግንነቱ አንድ ቀን ይበቃዋል። ሁለት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጎ የቱ እንደሚንጫጫ ማየት ይበልጣል።

ኩሽኔታ በመናኸሪያው ሸንጎ ውስጥ ብዙ ድምፅ የሚያገኝ ተጠርጣሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ንጹሕ ነው። የተበላ ኩሽኔታ መሠረቱ ማጉረምረም ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይጨምራል፣ ፍሬን ተያዘ አልተያዘ ግድ የለውም። ግራሶው ደርቆ ሲያልቅ ግን መጮኽም ይጀምራል። ግራ ይሁን ቀኝ ለመለየት መታጠፊያ ይረዳል፤ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ያኔ ድምፁ ከባሰ የሚጠረጠረው የቀኙ ነው። ተሳፋሪዎች ይህን ሲሰሙ አይቀበሉም፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ የጮኸ ግራው ካልሆነ ምኑን ጮኸ ይላሉ። ከዚያ ጎማው በክሪክ ይነሳና መካኒኩ አንድ እጁን 12 ሰዓት ላይ፣ አንዱን 6 ሰዓት ላይ አድርጎ ይወዘውዘዋል፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ተለቋል። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት በስድስት ይራራቃል ተብሎ ስንት ቀጠሮ የፈረሰበት አገር ነው፤ ለዚህ ምርመራ ግን አንዱ 12 ሲል ሌላው 6 ስለሚል ማንም ከማንም አይጣላም።

ባጃጅ ላይ ክርክሩ ግማሹ ይቀራል። የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው አንድ ነው፣ ጥፋተኛውም እሱ ነው። ይህ ለምርመራ ቢያመችም ለጎማው አያመችም። የባጃጅ ጎማ ትንሽ ስለሆነች አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ከ750 ጊዜ በላይ ትዞራለች፤ የሃይኤስ ጎማ 500 ያህል ዞሮ ያርፋል። ለዚያች ብቸኛ ጎማ ሁሉም ጉድጓድ የእሷ ነው። ጭቃና ውሃ ታምቡሯ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ሸራዋ ይሻክርና ታለቅሳለች። የባጃጅ ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ብዙ አይጨነቁም፤ አንዳንዶቹማ ጥሩምባቸው ሲበላሽ ሲጥታውን እንደ ጥሩምባ ይጠቀሙበታል።

ጎማው ፈጽሞ ያልበደለበት ጊዜም አለ። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ወይም መሪ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ የሚጮኽ የረገበ ቺንጋ ከፊት በኩል ስለሚሰማ ጎማ ይመስላል። መለያው መኪናው ቆሞም መጮኹ ነው፤ ያልዞረ ጎማ ሊጮኽ አይችልም። ሌላው መለያ ምቱ ነው። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ እያለ ፍጥነት ሲጨምር የሚቸኩል፣ ሲቀንስ የሚዘገይ ከሆነ የሚዞር ነገር ነው። ጉድጓድ ሲዘለል ብቻ ሲጢጥ የሚል ከሆነ ግን ነገሩ የጎማ ሳይሆን የደረቀ የላስቲክ ወይም የባሌስትራ ነው። ይህን ለመስማት ቴፑን ማጥፋትና ተሳፋሪውን ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ይቻላል።

የዓመት ምርመራ ለቦሎ ሲደርስ ደግሞ ዝምታ የሚፈለግበት ሰሞን ነው። ቴፕ ቀንሶ መናኸሪያ የማይገባ ሾፌር እንኳ በዚያ ሰሞን ፍሬኑን ያስፈትሻል። ወደፊት ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ሳይዝ አይቀርም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላች ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ በሞተሩ በኩል ኃይል ወደ ባትሪ እየመለሰ ስለሚቆም የፍሬን ሸራው ብዙ ጊዜ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ዲስክ ይዝጋል፤ የዛገ ዲስክ ይጮኻል። በዚያ ላይ ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ ከዝምታው የተነሳ አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዲስ የሚወጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች በሚነዱበት ጊዜ ሰው እንዲሰማቸው ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድደዋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህ ሕግ የሚያስፈልግ አይመስልም፤ ጎማው ይበቃል።

ወደ ጋራዡ ስንመለስ፣ የእኛ ሚኒባስ ጎማው ወልቆ ነገሩ ታይቷል። ምላሷ ዲስኩን ነክታለች፤ ሸራው 2 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ዲስኩ ግን ደህና ነው፤ ስልክ የተደወለለት ተሳፋሪ ባለውለታ ነው። አሁን የሚቀረው ዕቃ መምረጥ ነው። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እስከ ፍኖተ ሰላም ዕቃ መሸጫ ድረስ ሻጩ ሁለት ካርቶን ያወጣል፤ አንደኛው «ኦሪጅናል»፣ ሁለተኛው «ያው ነው»። «ያው ነው» የተባለው ብረት የበዛበት ርካሽ ሸራ ሆኖ ከተገኘ አዲስ እያለም ይጮኻል፤ ያኔ ሾፌሩ ተመልሶ መጥቶ ሻጩን ሲወቅስ ሻጩ «ገና እስኪለምድ ነው» ይለዋል። መላመድ እንኳ በእርግጥ አለ፤ አዲስ ሸራ ዲስኩን እስኪገጥም ድረስ ረጋ ብሎ መንዳትና ፍሬንን በልኩ መያዝ ይፈልጋል። የከፋው ነገር ይህ እውነት ለሁለቱም ዓይነት ሻጭ መሸሸጊያ መሆኑ ነው።

መካኒኩ ግራውን ከጨረሰ በኋላ ቀኙንም ፈታ። የፊት ሸራ ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። አሮጌዎቹ አራት ሸራዎች በፌስታል ታስረው ለሾፌሩ ተሰጡ፤ ባለንብረቱ ማስረጃ ሳያይ ሒሳብ አይቀበልም። ወዲያው ስልኩ ጠራ።

«አቤት ጋሼ። አዎ፣ ተሠርቷል። ሁለቱም ተቀይሯል።»

«የጮኸው ስንቱ ነው?»

«ግራው ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ዝም ያለውን ምን በድሎ ነው የምታስቀይረው?»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበና ስልኩን ለመካኒኩ አቀበለው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን በሁለት ጣቱ ያዘና፣ ሰላምታ ሳያስቀድም፣ «ጋሼ፣ ጫማ ሲገዙ አንድ እግር ነው የሚገዙት?» አለ።